አንዱን በሬ ብቻ መቀለብ

ሁለት በሬ ያለው ገበሬ አንዱን ብቻ ቢቀልብ ምን ይሆናል? የተቀለበው ይሰባል፤ ያልተቀለበው ይከሳል። የእርሻ ወቅት ሲደርስ ግን ሁለቱም ለአንድ ቀንበር ይፈለጋሉ። ጥፋቱ የሚታየው ያኔ ነው።

በስፖርትም እንዲህ ያለ ነገር ይደርሳል። ሕንድ ጥሩ ምሳሌ ትሆነናለች። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በእኛ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሕንድ ከ1 ቢሊዮን 400 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላት። እስከ 1939 ዓ.ም. ድረስ በእንግሊዞች ትገዛ ነበር። እንግሊዞች ሁለት ጨዋታዎች አስገቡ። አንዱ ሆኪ፣ ሁለተኛው ክሪኬት ይባላል።

ሆኪ የእኛን የገና ጨዋታ ይመስላል። ተጫዋቾች ጫፉ በቆለመመ ዱላ ትንሽ ኳስ እየመቱ ወደ ግብ ያስገባሉ። በየወገኑ 11 ሰው ይሰለፋል፤ ሜዳው የተለካ ነው፤ ዳኛም አለው። በክሪኬት ደግሞ አንዱ ኳስ ይወረውራል፤ ሌላው በጠፍጣፋ እንጨት ይመታል። ከመታ በኋላ እየሮጠ ነጥብ ያስቆጥራል። አንድ ግጥሚያ ቀኑን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል። እስከ 5 ቀን የሚቆይም አለ።

ቀድሞ የሕንድ ኩራት ሆኪ ነበር። ከ1920 እስከ 1949 ዓ.ም. በተደረጉት የኦሎምፒክ ውድድሮች 6 ጊዜ በተከታታይ ወርቅ አገኘች። ዲያን ቻንድ የሚባል ወታደር ከእነዚህ በሦስቱ ተሰልፎ አሸንፏል። ከሁሉ የማይረሳው ግን የ1940ው ነው። ሕንድ ነፃ ከወጣች ገና አንድ ዓመቷ ነበር። ትናንት ትገዛት የነበረችውን ብሪታንያን በዋና ከተማዋ በለንደን 4 ለ 0 ረታቻት። የሕዝቡን ደስታ መገመት አያዳግትም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጉብዝና ወዴት ሄደ? ሁለት ምክንያት እናንሳ።

አንደኛው የሜዳው መለወጥ ነው። በ1968 ዓ.ም. የኦሎምፒክ ሆኪ በሰው ሠራሽ ሣር ላይ መካሄድ ጀመረ። ይህ ሣር ዋጋው ውድ ነው። የገጠር ልጅ የሚለማመደው ግን በአፈርና በተራ ሣር ላይ ነበር። በዚያ ዓመት ሕንድ 7ኛ ወጣች። በ1972 ዓ.ም. ብዙ አገሮች ባልተገኙበት ኦሎምፒክ 8ኛውን ወርቅ ብታገኝም፣ ከዚያ ወዲህ በሆኪ ወርቅ አላየችም።

ሁለተኛው የክሪኬት መግነን ነው። በ1975 ዓ.ም. ሕንድ የክሪኬትን የዓለም ዋንጫ ወሰደች። ጊዜው ቴሌቪዥን የሚስፋፋበት ነበር። የሕዝብ ዓይን ወዳለበት የነጋዴ ገንዘብ ይከተላል። ነጋዴዎች ዕቃቸውን በክሪኬት ተጫዋቾች ስም ማስተዋወቅ ያዙ። የሰፈር ልጆችም የክሪኬት እንጨት አነሡ።

በ1992 ወይም በ1996 ሳይሆን በ2000 ዓ.ም. ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየ። የሆኪው ቡድን በ80 ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ሳይደርስ ቀረ። በዚያው ዓመት ደግሞ ትልቅ የክሪኬት ውድድር ተቋቋመ። ተጫዋቾቹም ከየአገሩ በጨረታ፣ በብዙ ገንዘብ ተገዙ። አንዱ በሬ ሰባ፤ ሌላው ከሳ ማለት ይህ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሎምፒክ ሕንድ 6 ሜዳሊያ ብቻ አገኘች፤ ከእነዚህም ወርቅ የለበትም። ክሪኬት በዚያ ውድድር ስላልነበረ ሊረዳት አልቻለም።

ነገሩ የልጆቿ ጉልበት ማነስ ነውን? አይደለም። ኒራጅ ቾፕራን እንመልከት። የገበሬ ልጅ ነው። በልጅነቱ ሰውነቱ ስለወፈረ ቤተሰቡ ስፖርት እንዲሠራ ላኩት። እዚያም ጦር የሚወረውሩ ሰዎች አየና ወደደው። በ2013 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሎምፒክ ጦሩን 87 ሜትር ከ58 ሳንቲ ሜትር ወርውሮ ወርቅ ወሰደ። ሕንድ በአትሌቲክስ ወርቅ ስታገኝ የመጀመሪያዋ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ጦር ወርዋሪዎቹን ባያይ ኖሮ ተሰጥኦውን ማን ያውቅለት ነበር? ሳይታዩ የቀሩ ስንት ልጆች ይኖራሉ?

የከሳ በሬም ከተቀለበ ያገግማል። በ2010 ዓ.ም. ኦዲሻ የሚባለው የሕንድ ክፍለ ሀገር ሆኪን በገንዘብ መርዳት ጀመረ። በ2013 ዓ.ም. ቡድኑ ከ41 ዓመት በኋላ የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ፤ በ2016ም ደገመው።

ክሪኬትን መውደድ ጥፋት አይደለም። ለድኻውም ለሀብታሙም ደስታ ሰጥቷል። ጥፋቱ ለአንዱ ሁሉን ሰጥቶ ሌላውን መርሳቱ ላይ ነው።

እኛስ? ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ያገኘቻቸው ሜዳሊያዎች በሙሉ የሩጫ ናቸው። ሩጫ ኩራታችን ስለሆነ ልንተወው አይገባም። ነገር ግን በመንደራችን ፈረስ ጋላቢ፣ ታጋይ፣ ዋናተኛ፣ በገና ጨዋታ የማይቻል ልጅ ይኖራል። ወንድም ሴትም ይሁኑ፣ እነሱንም የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሆኪና የገና ጨዋታ በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
2. የሕንድ ሆኪ የተዳከመባቸውን ሁለት ምክንያቶች ተናገሩ።
3. በመንደራችሁ የተረሳ ጨዋታ አለ? መልሶ ለማንሣት ምን ማድረግ ይቻላል?