የነቀርሳው ጀርም ከየት መጣ?

ገበሬ የጠፋ በሬውን ገበያ ላይ ቢያገኘው፥ በታፋው ላይ በተተኰሰው ምልክት የራሱ መሆኑን ያውቃል። የከብት በሽታ የሚያመጡ ባክቴሪያዎችም የትውልድ ምልክት አላቸው። ይህ ምልክት ግን በዓይን አይታይም፤ በዲ.ኤን.ኤያቸው ውስጥ ነው። ለምሳሌ የከብት ሳንባ ነቀርሳ የሚያመጣውን፥ ማይኮባክቴሪየም ቦቪስ የተባለውን ጀርም እንመልከት።

ምልክቱ እንዴት ይነበባል?

የታረደ ከብት በሳንባው ወይም በንፍፊቱ ውስጥ እንደ አይብ ያለ እብጠት ሲገኝበት፥ ከዚያ ተቈርጦ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ጀርሙ አዝጋሚ ስለ ሆነ አድጎ እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል። ከዚያም ስፖሊጎታይፒንግ በተባለው ዘዴ 43 የዲ.ኤን.ኤ ቍራጮች በአንድ ጊዜ ይፈለጋሉ፤ የተገኘው «አለ»፥ ያልተገኘው «የለም» ተብሎ ይመዘገባል። ይህ ዝርዝር የጀርሙ ምልክት ነው። በኢትዮጵያ፥ በዩጋንዳ፥ በቡሩንዲና በታንዛኒያ ከተገኙት ጀርሞች ብዙዎቹ ከቍጥር 3 እስከ 7 ያሉት ቍራጮች የሏቸውም። ስለዚህ የአንድ ዘር ልጆች መሆናቸው ታውቆ «አፍሪካ 2» ተብለዋል።

ለገበሬ ምን ይጠቅመዋል?

በአንድ መንደር የተገኘው ጀርም በሌላ አገር ብቻ የሚታወቅ ምልክት ካለው፥ በሽታው ከውጭ በመጣ ከብት እንደ ገባ ይጠረጠራል። የአገሩ ነባር ምልክት ከሆነ ግን በሽታው በዚያው ሲዛመት እንደ ኖረ ያመለክታል። ሆኖም የሁለት ላሞች ጀርም ምልክቱ አንድ ስለ ሆነ ብቻ፥ አንዷ ከሌላዋ ያዘች ተብሎ አይፈረድም፤ አንዱ ምልክት በሰፊ አገር ተሰራጭቶ ሊገኝ ይችላልና። በዚህ ብቻ ጎረቤታችሁን አትውቀሱ። የጠራ ማስረጃ ሲፈለግ የጀርሙ ዲ.ኤን.ኤ በሙሉ ይነበባል።

ምን እናድርግ?

ምልክቱ የሚነበበው በሽታው ከገባ በኋላ ነው። ከብታችሁንና ልጆቻችሁን የሚያድነው ግን አስቀድሞ መጠንቀቅ ነው።

1. የተዳቀለች ጊደር ከመግዛታችሁ በፊት በእንስሳት ሐኪም አስመርምሩ። ቱበርኩሊን በአንገቷ ቆዳ ውስጥ ተወግቶ ከ72 ሰዓት በኋላ እብጠቱ ይለካል። ላሚቱ ወዘናዋ ያማረ፥ ወተቷም የበዛ ቢሆን፥ በሽታው ሊኖርባት ይችላል።

2. የምትከሳውንና የምታስለውን ላም ከሌሎቹ ለይታችሁ አስራችሁ ሐኪም ጥሩ።

3. ወተት ሳይፈላ አትጠጡ፤ ለልጆችም አትስጡ። ጀርሙ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋል።

4. የልማት ሠራተኞች ሆይ፥ ናሙና ሲላክ ከብቱ የት እንደ ተወለደ፥ ከማን፥ መቼና በየትኛው ገበያ እንደ ተገዛ ገበሬውን ጠይቃችሁ ጻፉ። የከብቱ ታሪክ ካልተጻፈ፥ የጀርሙ ምልክት ቢነበብም በሽታው በየት በኩል እንደ ገባ አይታወቅም፤ በሩም አይዘጋም።