«ትንፋሽዎ አጥሯል» ተብለው መልቀቂያ ፈርሙ ሲባሉ

ጠያቂዬ ዐሥራ አንድ ዓመት ከመሬት በታች ዐለት ሲሰረስሩ የኖሩ የወርቅ ማዕድን ሠራተኛ ናቸው። በዓመታዊው ምርመራ ሣጥን ላይ እየወጡ እየወረዱ የልብ ምታቸው ተቆጠረ። በማግስቱ «ብቁ አይደለም» የሚል፣ ማኅተም እንጂ የሐኪም ስምም ፊርማም የሌለው ወረቀት ደረሳቸው፤ ከሥሩ በስማቸው የተዘጋጀ የሥራ መልቀቂያ ማመልከቻ ተያይዟል። «ልፈርም?» ይላሉ።

አይፈርሙ። በፈቃድዎ ለቀቁ ከተባለ ያሰናበተዎት የለም፤ ሕገወጥ ስንብት ብለው የሚከሱትም አይኖርም።

ምርመራውን አልነቅፍም። ስምንት ሰዓት ለሚዘልቅ ከባድ ሥራ ሰው ከከፍተኛ የኦክስጅን አቅሙ ሲሶውን ያህል ብቻ ቢያወጣ ይመከራል፤ አቅሙ የወረደ ሰው በጉድጓዱ ሙቀት ይጎዳል፣ አደጋ ሲደርስም መሰላሉን ቶሎ አይወጣውም። ለዚህም ነው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አደገኛ ሥራ ላይ ያለ ሠራተኛ እንደ አስፈላጊነቱ በአሠሪው ወጪ እንዲመረመር የሚያዘው። ነገር ግን የሣጥኑ ፈተና አቅምን ከልብ ምት የሚገምት ነው። ሌሊት ተረኛ ሆኖ ያደረ፣ ትኩሳት ያለው ወይም ቡና ጠጥቶ የመጣ ሰው ምቱ ሊፈጥን ይችላል። በፊርማ የተረጋገጠ የሐኪም ውጤትና ድጋሚ ምርመራ በጽሑፍ ይጠይቁ።

በጤና ምክንያት ሥራውን መሥራት እንደማይችሉ በእርግጥ ቢረጋገጥ እንኳ፣ በአንቀጽ 28 መሠረት የሚሰናበቱት በማስጠንቀቂያ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በላይ ስላገለገሉ ማስጠንቀቂያው የሦስት ወር ነው። ከመሬት በላይ ወዳለ ሥራ መዛወር ይቻል እንደሆነ የኅብረት ስምምነታችሁን ያንብቡ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፤ ትንፋሽዎ ለምን አጠረ? የዐለት አቧራ በሳንባ ላይ ጠባሳ ይፈጥራል፣ ሳንባን ያደርቃል። የደረት ራጅና የሳንባ አቅም ምርመራ ያድርጉ። ሕመሙ ከሥራው የመጣ ከሆነ በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ ይባላል፤ ሕክምናው የአሠሪው ዕዳ ነው። መሥራት ባልቻሉበት ጊዜም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ስድስት ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ ያገኛሉ። ዘላቂ ጉዳት ካለ መጠኑን የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ እንጂ የሰው ኃይል ክፍሉ አይደለም።

ሳይፈርሙ ቢያሰናብቱዎት ወደ ሥራ ልመለስ የሚለውን ክስ በሦስት ወር ውስጥ ያቅርቡ። የሚያስገቡትን ማመልከቻ ሁሉ በሁለት ቅጂ ያድርጉት፤ በእጅዎ በሚቀረው ላይ ተቀባዩ ስሙን፣ ቀኑንና ፊርማውን ያስፍርበት።