ተመኑ ሲለወጥ የተጀመረው ግዥ ምን ይሁን?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ባለ ፋብሪካ ግዥ ክፍል እሠራለሁ። የግዥ ጥያቄ የሚጸድቀው በሲስተም ነው። የምንዛሪ ተመን በተለወጠ ቁጥር ግን አዲስ አበባ ያለውን ፕሮግራመር እንጠብቃለን። እኛው ብናስተካክለውስ?

መልስ፦ ይቻላል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ተመንን ኮድ ውስጥ ቀብሮ መሥራት አያዋጣም። ከኮዱ ወጥቶ በሰንጠረዥ ይቀመጥ፤ አዲስ ጥያቄ ከዚያ ያነብባል።

ከባዱ ተጀምሮ በመንገድ ላይ ያለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው በብር ተሰልቶ «የሥራ አስኪያጁ ፊርማ ከሚያስፈልግበት ጣሪያ በታች ነው» ተብሎ ፊርማውን ዘልሎ ካለፈ፣ ዛሬ ተመኑን ቢቀይሩት ሲስተሙ ወደ ኋላ ተመልሶ አያጣራም። እንደ ካሙንዳ ያሉ የሥራ ሂደት ማስኬጃ ሶፍትዌሮች በተጀመረ ሥራ ውስጥ ያለን ቁጥር ማረም ይፈቅዳሉ፤ ያለፈውን ውሳኔ ግን በራሳቸው ዳግም አይመዝኑም። ስለዚህ ፕሮግራመሩን «ተመኑ ሲቀየር ወደ ማጽደቂያው የሚመልስ መንገድ ሥራልን» ይበሉት።

ተመኑን ራሳችሁ ለመቀየር ግን የሲስተሙን የአስተዳዳሪ ገጽ እንዳለ አይጠይቁ (ቢሰጡዎትም አይቀበሉ)። ተመኑ ብቻ ያለበት፣ የላይና የታች ወሰን የተበጀለት፣ ማን መቼ ከስንት ወደ ስንት እንደቀየረ የሚመዘግብ ቅጽ ይበቃዎታል። ኦዲተር የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው። የአቅራቢው የባንክ ሒሳብ ቁጥር ግን በዚህ ቅጽ አይግባ።