ስለ ዳታቤዝ ሰርቨር አጫጫን፤ ሰርቨሩም አልነሣ ሲል ምክንያቱ እንዴት እንደሚፈለግ

ዳታቤዝ ማለት በኮምፒዩተር ውስጥ በሥርዓት ተሰድሮ የተቀመጠ መዝገብ ማለት ነው። ሰርቨር ማለት ደግሞ አገልጋይ ማለት ነው። ስለዚህ ዳታቤዝ ሰርቨር የሚባለው የመዝገቡ ጠባቂ የሆነ ፕሮግራም ነው፤ ይኸውም በመዝገብ ቤት እንደ ተቀመጠ ጸሓፊ ነው። ጉዳይ ያለው ሰው መደርደሪያውን ራሱ አይነካም፤ በመስኮት ቆሞ የሚፈልገውን ይናገራል፤ ጸሓፊውም ማንነቱን ጠይቆ፥ የተፈቀደለት መሆኑን አይቶ፥ መዝገቡን አውጥቶ ያነብለታል ወይም አዲስ ነገር ይጽፍለታል። ሰርቨሩም እንዲሁ ነው። የተማሪዎችን ስምና ውጤት የሚያሳየው ፕሮግራም ሰርቨሩን ይጠይቃል እንጂ ፋይሉን ራሱ አይከፍትም። ጸሓፊው የታመመ እንደ ሆነ መዝገቡ በመደርደሪያው ላይ ደኅና ሆኖ ሳለ ማንም ሊያነበው አይችልም። ይህን አስቀድሞ በልብ መያዝ ይገባል፤ በኋላ የሚነገረው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነውና።

በዓለም ላይ እጅግ ከታወቁት ዳታቤዝ ሰርቨሮች አንዱ ማይኤስኪውኤል የሚባለው ነው። ይህ ፕሮግራም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1995 ዓመት በስዊድን አገር ወጣ። ከሠሩት ሰዎች አንዱ ሚካኤል ዊደኒየስ የሚባል የፊንላንድ ሰው ነው፤ ማይ የሚለውንም ስም ከልጁ ስም ወሰደው። በ2008 ዓመት ሰን የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ገዛው፤ በ2010 ዓመት ደግሞ ኦራክል ሰንን ስለ ገዛ ፕሮግራሙም ወደ ኦራክል እጅ አለፈ። ዊደኒየስ ግን በ2009 ዓመት ከዚያው ግንድ ሌላ ቅርንጫፍ አውጥቶ በታናሽ ልጁ ስም ማሪያዲቢ ብሎ ሰየመው። ይህ የቤተ ሰብ ታሪክ ለጨዋታ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ሁለቱ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ የተገናኙ እንደ ሆነ የሚጣሉበት ነገር አለና።

ከመጫን በፊት የሚታየው ነገር ጥቂት ነው። በመጀመሪያ ከኢንተርኔት የወረደው ፋይል ሙሉ መሆኑን መመርመር ያሻል። መስመሩ በደከመበት ስፍራ ፋይል በመካከል ይቋረጣል፤ የተቋረጠውም ደኅና መስሎ ይቀመጥና ሲጫን ያስቸግራል። ፋይሉ በሚወርድበት ገጽ ላይ ኤምዲ5 የሚባል የማመሳከሪያ ቁጥር ተጽፎ ይገኛል፤ ዊንዶውስ ባለበት ኮምፒዩተር ሰርትዩቲል በሚባለው ትእዛዝ የወረደውን ፋይል ቁጥር አውጥቶ ከዚያ ጋራ ማመሳከር ይቻላል። አንዲት ፊደል እንኳ ብትለይ ፋይሉ እንደ ገና መውረድ አለበት። ደግሞም ከ8.0 ጀምሮ በዊንዶውስ ላይ የሚጫነው ማይኤስኪውኤል ባለ 64 ቢት ሥርዓት ይፈልጋል፤ ባለ 32 ቢት በሆነ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ መድከም ከንቱ ነው። ከዚህም ጋራ ማይክሮሶፍት የሚያወጣው ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ሪዲስትሪቢዩተብል የሚባል ረዳት ፕሮግራም አስቀድሞ መኖር አለበት። እርሱ የሌለ እንደ ሆነ ስሙ ቪሲራንታይም140 ብሎ የሚጀምር ፋይል አልተገኘም የሚል ቃል ይወጣል። ይህን ያየ ሰው አንዳንድ ጊዜ ያንን አንድ ፋይል ብቻ ከማያውቀው ስፍራ ፈልጎ ያመጣል። ይህ መልካም አይደለም፤ ከማይታወቅ እጅ የመጣ ፋይል ተንኰል ይዞ ሊገባ ይችላልና ሙሉውን ረዳት ፕሮግራም ከባለቤቱ ከማይክሮሶፍት ማውረድ ይሻላል።

ሰርቨሩ ተጭኖ ሳለ አልነሣ ያለ እንደ ሆነ ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ 1067 የሚል ቁጥር ያሳያል። የቁጥሩ ትርጓሜ ሥራው ሳይታሰብ ተቋረጠ ማለት ብቻ ነው፤ ስለ ምን እንደ ተቋረጠ አይናገርም። እገሌ ሞተ የሚል መርዶ የሞተበትን ምክንያት እንደማይገልጥ ያህል ነው። ምክንያቱን የሚናገረው ሰርቨሩ ራሱ የሚጽፈው የስሕተት መዝገብ ነው። ይህም መዝገብ በዊንዶውስ ዳታ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ይገኛል፤ ስሙ የኮምፒዩተሩ ስም ሆኖ መጨረሻው ነጥብ ኢ አር አር ነው። ዳታ ፎልደሩ በሲ ድራይቭ ላይ ፕሮግራም ዳታ በሚባል ፎልደር ውስጥ ነው፤ ዊንዶውስ ግን ፕሮግራም ዳታን ስለሚሰውረው የተሰወሩትን ፎልደሮች አሳይ ብሎ ማዘዝ ያሻል። ፈልጌ አጣሁት የሚሉ ሰዎች የሚበዙት በዚህ ምክንያት ነው። በሊኑክስ ግን መዝገቡ አብዛኛውን ጊዜ ቫር በተባለው ፎልደር ውስጥ ሎግ ከሚባለው ስፍራ ይገኛል።

አነባበቡም ሥርዓት አለው። ዋርኒንግ የሚል ምልክት ያለበት መስመር ማስጠንቀቂያ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሰርቨሩን አያቆመውም። ኤረር የሚለው ግን ስሕተት ነው። በመዝገቡ መጨረሻ አቦርቲንግ የሚል ቃል ይገኛል፤ ትርጓሜው ሥራዬን ትቻለሁ ማለት ነው፤ እርሱ ውጤት ነው እንጂ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ ወጥቶ ሰርቨሩ ለመጨረሻ ጊዜ ለመነሣት የሞከረበትን መስመር ማግኘት፥ ከዚያም ወደ ታች እየወረዱ መጀመሪያ የተጻፈውን ኤረር ማንበብ ይገባል። የሚከተሉት ስሕተቶች አብዛኛውን ጊዜ የፊተኛው ልጆች ናቸው። ሰዓቱንም ማስተዋል ያሻል። ሰርቨሩ ካልታዘዘ በቀር የሚጽፈው በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው፤ በኢትዮጵያ ከጧቱ 3 ሰዓት የሆነው በመዝገቡ 06 ሰዓት ተብሎ ይገኛል። ይህን ያላወቀ ሰው የዛሬውን ስሕተት የሌላ ሰዓት መስሎት ያልፈዋል።

ለምሳሌ በአንድ ተማሪ ቤት መዝገብ የሚይዝ መምህር ይታሰብ። የ3 ዓመት የተማሪዎች ውጤት በሰርቨሩ ላይ አለ፤ በወረቀት ላይ ግን የመጀመሪያው ዓመት ብቻ ተጽፏል። አንድ ማታ ኤሌክትሪክ ጠፋ። በማግሥቱ ኮምፒዩተሩ ሲከፈት ሰርቨሩ አልነሣ አለና 1067 የሚለው ቁጥር ወጣ። መምህሩም ኤሌክትሪኩ አበላሸው ብሎ ፈረደ። ወዳጁ «ፕሮግራሙን አጥፍተህ እንደ ገና ጫነው» አለው፤ እርሱም እንዲሁ አደረገ። አዲሱ ሰርቨር ግን ዳታ ፎልደሩ ባዶ አይደለም ብሎ በመካከል ቆመ። ወዳጁም «እንግዲያውስ ፎልደሩን ደምስሰው» አለው። መምህሩ እጁን በቁልፉ ላይ ካኖረ በኋላ ጥቂት አመነታና ርእሰ መምህሩን ጠራቸው። ርእሰ መምህሩ ስለ ኮምፒዩተር ብዙ የሚያውቁ ሰው አልነበሩም፤ ዳሩ ግን «ባዶ አይደለም ካለ በውስጡ ያለው ምንድር ነው?» ብለው ጠየቁ።

በውስጡ ያለው የ3 ዓመቱ ውጤት ነበረ። ፕሮግራሙ ጸሓፊው ነው፤ ዳታ ፎልደሩ ግን መደርደሪያው ነው። ጸሓፊውን አሰናብቶ ሌላ መቅጠር ይቻላል፤ መደርደሪያውን ያቃጠለ ሰው ግን ምንም ጸሓፊ ቢመጣ የሚያነብለት የለም። አዲስ ሰርቨር ሲጫን ፎልደሩ ባዶ ካልሆነ አልጀምርም የሚለው ግትር ሆኖ አይደለም፤ የሌላውን መዝገብ እንዳያጠፋ ነው።

የስሕተት መዝገቡ በተከፈተ ጊዜ የተገኘው ነገር እንዲህ ነው፤ በ3306 ቁጥር ፖርት ላይ ሌላ ሰርቨር አለን? የሚል ጥያቄ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ነበረ። ፖርት ማለት ጸሓፊው የሚቀመጥበት ቁጥር ያለው መስኮት ነው። የማይኤስኪውኤል መስኮት 3306 ነው፤ ማሪያዲቢም የዚያው ቤተ ሰብ ስለ ሆነ ያንኑ መስኮት ይፈልጋል። ከ2 ሳምንት በፊት ሌላ መምህር ለትምህርት ብሎ ማሪያዲቢን በውስጡ የያዘ ፕሮግራም በዚያ ኮምፒዩተር ላይ ጭኖ ነበር። ያን ጊዜ መስኮቱ ተይዞ ስለ ነበረ ማሪያዲቢ ሳይነሣ ቀረ፤ ማንም ልብ አላለውም። ኤሌክትሪኩ ጠፍቶ ኮምፒዩተሩ እንደ ገና ሲጀምር ግን እርሱ ቀድሞ ተነሣና መስኮቱን ያዘ። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ የሠራው ጥፋት አልነበረም፤ ተሰውሮ የነበረውን ጠብ ገለጠው እንጂ።

የዚህ መድኀኒት ቀላል ነው። ኔትስታት የሚባለውን ትእዛዝ ኤ፥ ኤን፥ ኦ ከሚሉት ሦስት ፊደሎች ጋራ መጻፍ በየመስኮቱ የተቀመጠውን ፕሮግራም ቁጥር ያሳያል፤ ያንን ቁጥር በታስክ ማኔጀር ውስጥ ፈልጎ የፕሮግራሙን ስም ማወቅ ይቻላል። ከዚህ በኋላ የማይፈለገውን ማቆም፥ ወይም ሁለቱም የሚፈለጉ ቢሆኑ አንዱን ወደ 3307 ማዛወር ነው። መስኮቱ ሲለወጥ ግን ወደዚያ ለሚሄዱት ፕሮግራሞች ሁሉ አዲሱን ቁጥር መንገር ያስፈልጋል።

ዳታ ፎልደሩን ከመንካት በፊት ሰርቨሩን ማቆምና ፎልደሩን በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ መቅዳት ይገባል። ሰርቨሩ እየሠራ የተቀዳ ፎልደር ጸሓፊው በመጻፍ ላይ ሳለ እንደ ተነጠቀ ገጽ ነው፤ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ይሆናል። አንዱን ፋይል ብቻ መርጦ መቅዳትም አይበቃም፤ ሰንጠረዦቹ የት እንዳሉ የሚያውቀው ማውጫ በሌላ የጋራ ፋይል ውስጥ ነውና። ቅጂው ከተቀመጠ በኋላ በዚያው እትም ያለውን ሰርቨር ጭኖ የቀድሞውን ፎልደር ማሳየት ይቻላል። የተጠቃሚዎች ስምና የይለፍ ቃል በዚያው ፎልደር ውስጥ ስለሚቀመጥ የሚሠራው የቀድሞው የይለፍ ቃል ነው፤ አዲሱን እየጻፉ አልገባም አለ ማለት ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። እትሙንም ማስተዋል ያሻል፤ በ8.0 የተጻፈን ፎልደር 5.7 ሊከፍተው አይችልም፤ አዲሱ ሰርቨር አሮጌውን ፎልደር ከፍቶ ወደ ራሱ ሥርዓት ከለወጠው በኋላም ወደ ኋላ መመለስ የለም።

ፎልደሩ ወደ ሌላ ድራይቭ የተዛወረ እንደ ሆነ ሰርቨሩ እንዲገባበት ፈቃድ መስጠት ያስፈልጋል። በሊኑክስ ፎልደሩ ማይኤስኪውኤል የሚባለው ተጠቃሚ ንብረት መሆን አለበት። በኡቡንቱ ግን ይህ ሁሉ ተደርጎ ሳለ አፕአርመር የሚባል ዘበኛ ስፍራውን ስለማያውቀው ሊከለክል ይችላል፤ ለእርሱም አዲሱን ስፍራ መጻፍ ነው።

ሰርቨሩ ተነሥቶ ሳለ ሰው መግባት ቢያቅተው የሚወጣውን ቁጥር መለየት ብዙ ድካም ያስቀራል። 2003 ማለት በመስኮቱ የሚመልስ የለም ማለት ነው፤ ሰርቨሩ አልተነሣም፥ ወይም ፖርቱ ሌላ ነው፥ ወይም ፋየርዎል የሚባለው ዘበኛ መንገዱን ዘግቷል። 1045 ማለት ግን ጸሓፊው አለ፥ ስምህን ወይም የይለፍ ቃልህን አልተቀበልሁም ማለት ነው። 1130 ደግሞ ከዚያ ኮምፒዩተር የሚመጣ እንግዳ አይፈቀድም ማለት ነው። 1045 አይቶ ፕሮግራሙን ማጥፋት የሚያሳዝን ነገር ነው፤ ሰርቨሩ ደኅና መሆኑን ራሱ እየመሰከረ ነውና። ሰርቨሩ በትእዛዝ ተጀምሮ ከሆነ ሩት ለሚባለው ዋና አለቃ የሚሆን ጊዜያዊ የይለፍ ቃል በስሕተት መዝገቡ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ከ2018 ዓመት ወዲህ በ8.0 የይለፍ ቃል አመራመሩ ስለ ተለወጠ አሮጌ ፕሮግራሞች 2059 ብለው የሚመለሱበት ጊዜ አለ፤ አሮጌውን ፕሮግራም ማደስ ይሻላል።

ለግእዝ ፊደል ጸሓፊዎች ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት ምንም ቁጥር የማያሳየው ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 ዓመት ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት ሥርዓት ገብቷል፤ በዩቲኤፍ8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ከ8.0 በፊት የነበረው ማይኤስኪውኤል ግን ካልታዘዘ በቀር ላቲን1 በሚባል የአውሮፓ ፊደል ሥርዓት ይጽፍ ነበረ። በዚህ ሥርዓት ለ«ሀ»ም ለ«ፐ»ም ስፍራ የለም፤ ሰርቨሩ በፊደሉ ፈንታ የጥያቄ ምልክት ይጽፋል። አጥብቆ እንዲመረምር ካልታዘዘም ዝም ብሎ ያልፋል። የተማሪው ስም 4 የጥያቄ ምልክት ሆኖ አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላ ፊደሉ ከዚያ ውስጥ አይገኝም፤ ከወረቀት እንደ ገና መጻፍ ነው። ስለዚህ ዳታቤዙ ሲፈጠር ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ብሎ ማዘዝ፥ የሚጽፈውም ፕሮግራም በዚያው ሥርዓት እንዲናገር ማድረግ ይገባል። አንድ መዝገብ ያዥ 500 ስም ከመጻፉ በፊት አንድ ስም ጽፎ፥ ፕሮግራሙን ዘግቶ፥ እንደ ገና ከፍቶ ያንብበው።

ኤሌክትሪክ በእውነት ጠፍቶ ሰርቨሩ በመጻፍ ላይ ሳለ ቢቋረጥ፥ ሲነሣ ኢኖዲቢ የሚባለው ክፍል የራሱን ማስታወሻ አንብቦ ያልተፈጸመውን ያስተካክላል። ይህም ጥቂት ጊዜ ይፈጃል፤ ዘገየ ብሎ በመካከል ማጥፋት ሥራውን ከመጀመሪያ ያስጀምረዋል። ለማናቸውም ነገር ማይኤስኪውኤልደምፕ በሚባለው ትእዛዝ መዝገቡን በየሳምንቱ ወደ ጽሑፍ ፋይል ማውጣትና ከኮምፒዩተሩ ውጭ በፍላሽ ማኖር ያሻል። ያ ፋይል የሚሠራ መሆኑ የሚታወቀው በሌላ ስም ባዶ ዳታቤዝ ፈጥሮ ወደዚያ በማስገባት፥ የተማሪዎቹንም ቍጥር ከዋናው ጋራ በማመሳከር ነው።