ጥርሱ የደቻቱ ነው?

ሁለቱ የሚነጋገሩት ድሬዳዋ ከተማ፣ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ፣ በደረቀው አሸዋ ላይ እየተራመዱ ነው። ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ የመሬት ሳይንስ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ጠያቂዋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ከአጎቷ የተዋሰችውን መዳፍ የሚሞላ ጥርስ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ አጎቴ ጎርፍ ከዚህ ከደቻቱ አውጥቶት ነው ያገኘሁት ይላል። ሜጋሎዶን የሚባለው የጥንት ሻርክ ጥርስ ነው አይደል?

ሽማግሌው፦ ነው። የደቻቱ ግን አይደለም።

ተማሪዋ፦ ኧረ ጋሼ! ገና በእጅዎ እንኳ ሳይዙት?

ሽማግሌው፦ እሱን ለማለት መያዝ አያስፈልገኝም። ጀማሪ ሁሉ ዓይኑ መጀመሪያ የጥርሱ ጠርዝ ላይ ነው የሚያርፈው፤ እኔ የምጀምረው ከድንጋዩ ነው። ያን ግራጫ ጠጠር አንሺው እስቲ። የኖራ ድንጋይ ነው፤ የከተማችን ሲሚንቶ ፋብሪካ እዚህ የተተከለውም በእሱ ምክንያት ነው። በጁራሲክ ዘመን፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ይህን አገር የሸፈነው ባሕር ወለሉ ላይ ያስቀመጠው ጭቃ ነበር። ሜጋሎዶን ደግሞ ብቅ ያለው ከ23 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ ነው፤ ከ3.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጠፋ። ታዲያ እዚህ ድንጋይ ውስጥ በየት በኩል ይገባል?

ተማሪዋ፦ ደቻቱ እኮ የማያግዘው ነገር የለም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማለቂያ ላይ ጎርፉ በከተማችን ያደረሰውን እርስዎም ያውቃሉ። ከሩቅ አምጥቶት ቢሆንስ?

ሽማግሌው፦ ጥያቄሽ ትክክል ነው። ግን ወንዝ የሚያመጣው ከላዩ ያለውን ብቻ ነው። ወደ ደንገጎ ተራራ ሽቅብ ስትወጪ ከሥር እጅግ ጥንታዊው ድንጋይ አለ፤ በእሱ ላይ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ይህ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ አምባ አራዳም የሚባለው ሌላ አሸዋ ድንጋይ፣ ከሁሉም በላይ ጥቁሩ ባዛልት። ባዛልቱ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ነው፤ ሻርክ አይዋኝበትም። ከእነዚህ መካከል በሜጋሎዶን ዘመን የባሕር ወለል የነበረ አንድም የለም።

ተማሪዋ፦ ዳናኪልስ? ቀይ ባሕር ገብቶበት ነበር፣ ኮራሉ እስካሁን ይታያል ተብለን ተምረናል።

ሽማግሌው፦ ገብቶበታል። ግን የገባው ከመቶ ሺህ ዓመት ጥቂት ቀደም ብሎ ነው፤ ሜጋሎዶን ያኔ ከጠፋ ሚሊዮን ዓመታት አልፈውታል። ደግሞ ደቻቱ ወደ ቆላ ይወርዳል እንጂ ከቆላ ወደዚህ አይወጣም።

ተማሪዋ፦ እሺ፣ ድንጋዩን ተቀበልኩ። ሜጋሎዶን መሆኑንስ በምን ለዩት? የነጩ ሻርክም ጥርስ ሦስት ማዕዘን ነው፣ ጠርዙም መጋዝ ነው።

ሽማግሌው፦ አሁን ስጪኝ። በማጉያው ጠርዙን እዪ፤ የመጋዙ ጥርሶች ደቃቃና እኩል ናቸው። የነጩ ሻርክ ሸካራና የተዘበራረቀ ነው፤ ጥርሱም ስስ ነው። አሁን ገልብጪው። ወደ ምላስ በኩል የነበረው ፊቱ ላይ፣ በሚያብረቀርቀው አናትና በሥሩ መካከል ጠቆር ያለ ሰፊ ቀበቶ ይታይሻል? ነጩ ሻርክ ይህ የለውም። ሥሩም ወፍራም ነው፣ ሁለት እግር አለው።

ተማሪዋ፦ በመጋዙ ብቻ ብፈርድ ኖሮ ተሳስቼ ነበር ማለት ነው።

ሽማግሌው፦ ከአንቺ በፊት ስንት ሊቅ ተሳስቶበታል! ስሙን ያወጣለት ሉዊ አጋሲ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በመጋዙ የተነሳ ከነጩ ሻርክ ጋር ነበር የመደበው። ሊቃውንቱ ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ተከራከሩበት። ዛሬ አብዛኞቹ ኦቶደስ ከሚባለው ወገን ይቆጥሩታል። የዘር ሐረጉን ራሱ ጥርሱ ይነግርሻል። የጥንቱ ኦቶደስ ኦብሊኩስ ጠርዙ ልሙጥ ነው፤ በአናቱ ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቅ ንዑስ ጫፎች አሉት። ቀጥሎ የመጣው ኦሪኩላተስ ንዑስ ጫፎቹን እንደያዘ መጋዝ አበቀለ። በኋላ ንዑስ ጫፎቹ እያነሱ ሄደው ሜጋሎዶን ላይ ጠፉ። የነጩ ሻርክ ጎራ ደግሞ ሌላ ነው፤ ሀስታሊስ ከሚባል ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ ሻርክ ተነስቶ፣ በፔሩ በተገኘው ሀበሊ በኩል አልፎ፣ መጋዙን ለብቻው አወጣ። ሁለቱም ሥጋ የሚቆርጡ ናቸውና መሣሪያቸው ተመሳሰለ። ለዚህ ነው መጋዝ ሙያን እንጂ ዘርን አይናገርም የምለው።

ተማሪዋ፦ ግን ሁልጊዜ ስለ ጥርስ ብቻ ነው የሚወራው። አጥንታቸው የት ሄደ?

ሽማግሌው፦ የሻርክ አጽም በአፍንጫሽ ጫፍ እንዳለው ያለ ልም አጥንት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ይበሰብሳል። ጥርሱ ግን ዕድሜውን ሁሉ እየወለቀ ይተካል፤ አንዱ ሻርክ ብቻ በሺህ የሚቆጠር ጥርስ ጥሎ ይሞታል። የጥንት ሰዎች በድንጋይ ውስጥ ሲያገኙት የእባብ ምላስ ነው ይሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1666 ጣሊያን ውስጥ የተያዘ ትልቅ ሻርክ ጭንቅላቱ ወደ ፍሎረንስ ተልኮ የአናቶሚ ሊቁ ኒኮላስ ስቴኖ ሲቀደው ነው የሻርክ ጥርስ መሆኑ የተገለጠው።

ተማሪዋ፦ ከደቻቱ እውነተኛ የሻርክ ጥርስ ባገኝ ታዲያ ምን ይመስላል?

ሽማግሌው፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። በጁራሲክ ባሕር ከነበሩት መካከል ሃይቦዶንት የሚባለው ወገን አለ፤ ከዳይኖሰሮቹ ጋር ጠፍቷል። ጥርሱ ትንሽ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከጥፍርሽ አይበልጥም። መሐል አንድ ጫፍ፣ ዳርና ዳር አጠር አጠር ያሉ ሌሎች ጫፎች፤ ከጫፉ ወደ ታች ደግሞ ቀጫጭን መስመሮች ይወርዳሉ። ሥሩ ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ቶሎ ይሰበራል፤ አናቱን ብቻ ብታገኚ አትደነቂ። ስትሮፎደስ ደግሞ ቀንድ አውጣ የሚፈጭ ስለነበር ጥርሱ ጠፍጣፋ ነው፤ ላዩ ላይ መረብ የመሰለ ቅርጽ አለበት። አላዋቂ ሰው ከጠጠር አይለየውም። ያን ፖርክ ኤፒክ ዋሻ እዪው፣ ከደቻቱ በላይ ያለውን። ፈረንሳዊው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ቴያር ዴ ሻርዳን ከአገሩ ልጅ ከጸሐፊው ሄንሪ ደ ሞንፍሬይድ ጋር መጥቶ ካየው ጊዜ ጀምሮ ሰው ሁሉ ወለሉን እየቆፈረ የጥንት ሰው ይፈልጋል፤ ደግ አደረጉ። ግድግዳው ራሱ የጁራሲክ ባሕር መሆኑን ግን ማን ልብ ይለዋል?

ተማሪዋ፦ አንድ ጥርስ ካገኘሁ ዝርያውን እናገራለሁ?

ሽማግሌው፦ ቀስ በይ። በአንድ ሻርክ አፍ ውስጥ የፊቱና የጎኑ፣ የላይኛውና የታችኛው ጥርስ መልካቸው ይለያያል። ከአንድ መንጋጋ የወጡትን ጥርሶች እንደተለያዩ ዝርያዎች ቆጥረው ስም ያወጡላቸው ሰዎች ነበሩ። አንድ ጥርስ ይዘሽ ወገኑን ከተናገርሽ በቂ ነው።

ተማሪዋ፦ የኦቶደስ ወገንን በአገራችን ልፈልግ ብልስ?

ሽማግሌው፦ ወደ ሶማሌ ክልል ምሥራቅ ሂጂ። አውራዱና ካርካር የሚባሉት የኖራ ድንጋዮች የፓሊዮሲንና የኢዮሲን ባሕር ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከኦብሊኩስና ከኦሪኩላተስ ጋር ይገጥማል። ለሜጋሎዶን ግን እነሱም ያረጁ ናቸው።

ተማሪዋ፦ ይሄኛው ከየት መጣ ታዲያ?

ሽማግሌው፦ ገበያ ላይ የሚሸጠው ብዙው ከአሜሪካ ካሮላይና ወንዞች ወይም ከኢንዶኔዥያ ነው። ድሬ የነጋዴ ከተማ ናት፤ በባቡር ጊዜም ሆነ ከዚያ ወዲህ ያልገባባት ነገር የለም። እዚህ ሥሩ ላይ ደግሞ መስመር አለ፣ አየሽው? ቀለሙ ድንገት ይለወጣል፤ ተሰብሮ በሙጫ የተጠገነ ነው።

ተማሪዋ፦ አጎቴ ሊሸጠው ነበር እኮ!

ሽማግሌው፦ ይሽጠው፣ ከውጭ የገባ ከሆነ ዕቃው የራሱ ነው። “የደቻቱ” የሚለውን ግን ይተው። ከማን እንደገዛው ጠይቂና ጻፊበት።

ተማሪዋ፦ እኔ ቅዳሜ ወደ ላይ ልወጣ ነው። መዶሻ ልያዝ?

ሽማግሌው፦ መዶሻውን ተይው። ደብተር፣ እርሳስና ስልክሽን ያዢ። ጥርስ ካየሽ አጠገቡ ሳንቲም አስቀምጠሽ ፎቶ አንሺ፣ ከየትኛው ንብርብር እንደሆነ ጻፊ፣ ከነድንጋዩም ተይው። ከዚያ ለቅርስ ቢሮ እናመለክታለን፤ ማውጣቱ የእነሱ ፈቃድ ነው።

ተማሪዋ፦ እርስዎስ አይመጡም?

ሽማግሌው፦ ጉልበቴ እስከ ዋሻው ሥር ድረስ ይሞክራል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ድልድዩ ጋ ጠብቂኝ፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ ፀሐዩን አልችለውም።