ግድግዳህን ድንጋይ ከማልበስህ በፊት

ልጄ፣ የቤትህን ፊት ድንጋይ ልታለብስ መነሣትህን ሰማሁ። ግንበኛው ቀብድ ሳይቀበል ይቺን አንብብ።

1. ጎንደር ያለው የፋሲል ግንብ ድንጋዩና ኖራው ራሱ ግድግዳ ነው፤ ፎቁን ተሸክሞ ቆሟል። ያንተ ግን ብሎኬት ላይ የሚለጠፍ ነው። ቤቱን አይሸከምም፤ ቤቱ ነው የሚሸከመው። የቀረው ምክሬ ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል።

2. ክብደቱን አስላ። 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጥቁር ድንጋይ በካሬ ሜትር 80 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ቀጭኑን ምረጥ። ወደ ላይኛው ፎቅ የሚወጣ ከሆነ በሲሚንቶ ብቻ አትመነው፤ የብረት መያዣውን መሐንዲስ ይወስንልህ።

3. ቀለም የተቀባ ልስን ላይ እንዳይለጥፉልህ። ቀለሙ ይነሣ፣ ግድግዳው በመዶሻ ይሻክር፣ አቧራው ይታጠብ። ደረቅ ብሎኬት የሲሚንቶውን ውሃ ስለሚመጠው አስቀድሞ ይርጠብ። ከሁሉ የሚከፋው ግን በድንጋዩ ጀርባ መሃል ላይ እፍኝ ሲሚንቶ ጣል አድርጎ መለጠፍ ነው። ሥራው ይፈጥናል፣ ለዓይንም ያምራል፤ ዳር ዳሩ ግን ባዶ ይቀራል፣ በክረምት ውሃ ይተኛበታል፣ ውሎ አድሮ ድንጋዩ ይለቃል። የድንጋዩ ጀርባ በሙሉ ሲሚንቶ ይቀባ። ሲደርቅ በመዶሻ እጀታ አንድ በአንድ ቆርቁር፤ ባዶ ድምፅ የሰጠህን አስነሣ። ግንበኛው ይቆጣል፤ ይቆጣ።

4. የአምቦ ድንጋይ ውብ ነው፣ ለመጥረብም ይመቻል፤ ነገር ግን የአሸዋ ድንጋይ እንደ መሆኑ ውሃ ይጠጣል። ዝናብ ጭቃ በሚረጭበት በግድግዳው እግር ጥቁር ድንጋይ አድርግ፣ የአምቦውን ከዚያ በላይ። የሚያስፈልግህንም በአንድ ጊዜ ግዛ፤ ጭነት ከጭነት መልኩ ይለያያል።

5. የተንጠባጠበ ሲሚንቶ ሳይደርቅ በውሃና በብሩሽ ይጠረግ። እብነ በረድንና የኖራ ድንጋይን አሲድ ይበላቸዋል፤ የደረቀ ሲሚንቶ ለማስለቀቅ ብለህ አታስነካ።

6. ማዕዘን ላይ ደርሶ ቀጥ የሚል ድንጋይ ስስነቱን ለመንገደኛ ሁሉ ያሳያል። ማዕዘኑን ዞሮ ወደ ውስጥ በሚገባ ጥግ ላይ ያብቃ።

7. የላይኛው ጠርዝ ውሃ እንዳያስገባ ክዳን ይደረግለት። ታችኛው ከአፈር 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል።

8. የተረፈውን ድንጋይ ለሌላ አትስጥ። ነገ ቧንቧ ለመጠገን ግድግዳው ሲፈነቀል ያን መልክ ከገበያ አታገኘውም።