የዓይን ሥጋ ከአፍንጫ በኩል የሚነሣው ለምንድን ነው?

ዕድሜያቸውን በእርሻ ወይም በሌላ የደጅ ሥራ ያሳለፉ ሰዎችን ዓይን ልብ ብሎ የተመለከተ አንባቢ፣ ከአፍንጫ በኩል ካለው ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ጥቁሩ የዓይን ክፍል የሚሳብ፣ ቀላ ያለና ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ሥጋ ሳያይ አልቀረም። በሕክምናው ዓለም ቴሪጂየም ይባላል፤ ቃሉ ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን «ትንሽ ክንፍ» ማለት ነው። ከዓይን ሞራ ጋር የሚያምታቱት ብዙዎች ናቸው። ሞራ ግን በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ሲደፈርስ የሚከሠት ሲሆን፣ ቴሪጂየም በዓይን ገጽ ላይ የሚበቅል ነው።

ተመራማሪዎችን ለረዥም ጊዜ ያስገረማቸው የሥጋው ቦታ ነው። መንሥኤው የፀሐይ ብርሃን ከሆነ በዓይኑ ግራና ቀኝ እኩል ሊበቅል ይገባው ነበር። እንዲያውም በአፍንጫ በኩል ያለው ወገን በአፍንጫው ስለሚከለል ይበልጥ የተጠበቀ ይመስላል። ይሁንና ሥጋው በአብዛኛው የሚነሣው ከዚያው ከተከለለው ወገን ነው።

መልሱን ለመረዳት የዓይንን ገጽ አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ነጩ የዓይን ክፍል የደም ሥሮች ባሉት ኮንጃንክታይቫ በተባለ ስስ ሽፋን ተሸፍኗል። ከፊት ለፊት ያለው ኮርኒያ ግን የደም ሥር የለውም፤ ብርሃን ሳይደናቀፍ የሚያልፍበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በሁለቱ መካከል ሊምበስ የሚባል ጠባብ ድንበር ይገኛል። በዚህ ድንበር ሥር ያሉት ግንደ ሕዋሳት ሁለት ተግባር አላቸው፤ የኮርኒያን የላይኛ ሽፋን ዘወትር ያድሳሉ፣ ኮንጃንክታይቫም ድንበር አልፎ እንዳይገባ ያግዳሉ።

አውስትራሊያዊው የዓይን ሐኪም ሚናስ ኮሮኔዎ እ.ኤ.አ. በ1993 ለእንቆቅልሹ መፍቻ የሚሆን ሐሳብ አቀረቡ። በጆሮ በኩል ከጎን የሚገባ ብርሃን ክብ በሆነው ኮርኒያ ላይ ሲያርፍ ይሰበራል፤ ከዚያም የዓይኑን የፊት ክፍል አቋርጦ በአፍንጫ በኩል ባለው ሊምበስ ላይ ይሰበሰባል። ማጉያ መነጽር የፀሐይን ብርሃን በወረቀት ላይ እንደሚሰበስበው ማለት ነው። በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ የብርሃኑ ኃይል እስከ 20 እጥፍ ገደማ እንደሚጨምር በስሌት ታይቷል። ከአፍንጫ በኩል የሚመጣውን ብርሃን ግን አፍንጫው ስለሚጋርደው ተቃራኒው ወገን ይህ አይደርስበትም። ከዚህም ሌላ ግንደ ሕዋሳቱን ከፊት ለፊት ጨረር የላይኞቹ ሕዋሳት ይከላከሉላቸዋል፤ ይህ ብርሃን ግን ከውስጥ በኩል ስለሚመጣ ያለ መከታ ያገኛቸዋል። በእኛ አስተያየት ከሐሳቡ ሁሉ የሚደነቀው ይህ የመጨረሻው ነጥብ ነው።

ጉዳቱን የሚያደርሰው በተለይ የሞገድ ርዝመቱ ከ280 እስከ 315 ናኖሜትር የሆነው አልትራቫዮሌት ቢ ነው። ጨረሩ የሕዋሳቱን ዲ.ኤን.ኤ. ያበላሻል። የተበላሸ ሕዋስ እንዳይባዛ የሚያግደው ፒ53 የተባለው ፕሮቲንም በብዙ ቴሪጂየሞች ውስጥ ያልተለመደ ሁኔታ ይታይበታል። ሕዋሳቱ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞችን ያመነጩና በኮርኒያው የላይኛ ሽፋን ሥር ያለውን የቦውማን ሽፋን ያሟሙታል፤ ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. የሚባለው ፕሮቲን ደግሞ አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲበቅሉ ይገፋፋል። በዚህ ሁኔታ ድንበሩ ይፈርስና ሥጋው ይገባል። ካንሰር አይደለም፤ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍልም አይዛመትም። ሆኖም አልፎ አልፎ በአጠገቡ የካንሰር መነሻ የሆነ ለውጥ ስለሚገኝ ተቆርጦ የወጣው ሥጋ በላቦራቶሪ ቢመረመር ይመረጣል። አቧራ፣ ነፋስና የዘር ውርስም አስተዋጽኦ አላቸው። ስለ ፓፒሎማ ቫይረስ የሚነገረው ግን የጥናቶቹ ውጤት እርስ በርሱ ስለሚጋጭ ገና አሳማኝ አይደለም።

ካሜሮን የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1965 በሽታው በብዛት የሚታየው ከምድር ወገብ በሰሜንና በደቡብ እስከ 37 ዲግሪ ባለው መቀነት ውስጥ መሆኑን አመልክተዋል። በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በሚሠሩ 838 አስጋሪዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ ጥናትም ሥጋው ከአልትራቫዮሌት ጨረር መጠን ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ የምትገኘው ኢትዮጵያ ሙሉ በሙሉ በመቀነቱ ውስጥ ናት። በዚያ ላይ ከባሕር ጠለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ በግምት 10 በመቶ ይጨምራል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ይህ ቀላል አይደለም። የደጋው አየር ቀዝቃዛ መሆኑ ያዘናጋል እንጂ ጨረሩን አይቀንሰውም።

ከላይ ከተባለው የምንረዳው ከፊት ብቻ የሚሸፍን መነጽር ጎኑን ክፍት እንደሚተው ነው። ስለዚህ ጎንንም የሚሸፍንና አልትራቫዮሌትን የሚያግድ መነጽር ይመረጣል፤ ሰፊ ባርኔጣ ሲታከልበት ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል። የመስተዋቱ ጥቁረት ብቻውን ዋስትና አይደለም።

ሥጋው ትንሽ ሳለ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ በጠብታ ቅላቱንና መቆርቆሩን ያስታግሣሉ። ኮርኒያውን እየጎተተ ቅርጹን ሲያዛባ ወይም ወደ እይታው መሐል ሲቃረብ ግን ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል። ሥጋውን ቆርጦ ቦታውን ክፍት መተው በብዙ ሕሙማን ላይ፣ በተለይም በወጣቶች ላይ፣ እንደገና እንዲበቅል ያደርገዋል፤ የፈረሰው ድንበር አልተጠገነምና። ኬንዮንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳወቁት ዘዴ መሠረት ከራሱ ከሕመምተኛው ዓይን፣ ብዙውን ጊዜ የላይኛው ሽፋሽፍት ከሚከልለው ቦታ፣ ጤነኛ ኮንጃንክታይቫ ተወስዶ በባዶው ቦታ ይተከላል። ሥጋው ተመልሶ የመብቀሉ ዕድልም በዚህ ዘዴ በእጅጉ ይቀንሳል።